የትራክተር የእንጨት መፍለጫ ምርጫ፦ የራሱ ፓምፕ ያለው ወይስ በትራክተሩ ዘይት የሚሠራው?

የእንጨት መፍለጫ የሚሸጥ ሰው ስለ ማሽኑ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚጠራው ቶኑን፣ ማለትም ማሽኑ እንጨቱን የሚገፋበትን ጉልበት ነው። «ይሄ ባለ 14 ነው፣ ያኛው ባለ 22 ነው» ይባላል፤ ገዢውም ትልቁን ቁጥር ይዞ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ቶን ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ በቀላሉ የሚመለሰው ነው። በትራክተር ላይ የሚገጠም ሃይድሮሊክ መፍለጫ ባለቤቱን የሚጠቅመው ወይም ጓሮ ቆሞ የሚዝገው፣ ሲሊንደሩን የሚገፋው ዘይት ከየት እንደሚመጣና በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚደርሰው አስቀድሞ በመታወቁ ወይም ባለመታወቁ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ትራክተር ላላቸው፣ በማሳቸው ዳር ወይም በተዳፋቱ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ላበቀሉ፣ ለዳቦ ቤት፣ ለሆቴልና ለትልልቅ ወጥ ቤቶች ፍልጥ ለሚያቀርቡ ገበሬዎችና ማኅበራት ነው። በአርሲ፣ በባሌና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ትራክተሩ ከእርሻው ወቅት ውጭ ብዙ ሳምንት ያለ ሥራ ይቆማል፤ ለፍልጥ የሚሆነው በጋም የሚመጣው በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሚቀረው የትኛውን መግዛት እንደሚገባ መለየት ነው።

ማሽኑ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል

ከጉቶ አቆጥቁጦ በአምስትና በስድስት ዓመቱ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ አብዛኛው ቀጭን ነው። ውፍረቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ግንድ ለሁለት ወይም ለአራት መክፈል ለጎበዝ ፈላጭ የአንድና የሁለት ምሳር ሥራ ነው፤ ማሽኑ ገና ፒስተኑን ሲመልስ እርሱ ሁለተኛውን ግንድ ያነሣል። እንዲህ ያለ እንጨት ብቻ ያለው ሰው ገንዘቡን በጥሩ ሞተር መጋዝ ላይ ቢያውል ይሻለዋል፤ ጊዜው የሚባክነው መፍለጡ ላይ ሳይሆን በልክ መቁረጡ ላይ ነውና።

ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው ግንዱ 25 እና 30 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ ቅርንጫፍ የወጣባቸውና የተጠማዘዙ ግንዶች ሲበዙ፣ ወይም ለዓመታት ተከማችቶ «ማን ይፈልጠዋል» የተባለ የግንድ ሥርና ጉቶ ሲኖር ነው። ሽብልቅና መዶሻ ይዘው ግማሽ ቀን የሚታገሉበትን ጉቶ ሃይድሮሊኩ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በዓመት ጥቂት አይሱዙ ብቻ የሚያወጣ ሰው ግን ለብቻው ከሚገዛ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጋርቶ ቢገዛ፣ ወይም ማሽኑን ለሌሎች እያከራየ ቢጠቀምበት ያዋጣዋል።

ዘይቱ ከየት ይመጣል?

በትራክተር ላይ የሚገጠሙት መፍለጫዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ የራሳቸው ፓምፕና የራሳቸው የዘይት ጋን አላቸው፤ ከትራክተሩ የሚወስዱት የፒቲኦውን፣ ማለትም ከትራክተሩ ጀርባ የሚወጣውን የሚሽከረከር ዘንግ ዙር ብቻ ነው። ሁለተኞቹ ፓምፕም ጋንም የላቸውም፤ ሁለት ሆዝ ከትራክተሩ ጀርባ ካሉት የዘይት መውጫዎች ጋር ይገናኝና በትራክተሩ በራሱ ሃይድሮሊክ ይሠራሉ። ሁለተኞቹ ቀላልና ርካሽ ናቸው። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ ዐይኑን የሚጥለውም በእነርሱ ላይ ነው።

በትራክተሩ ዘይት የሚሠራው ለየትኛው ትራክተር እንደሚሆን ለማወቅ ሁለት ነገር መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የፓምፑ ዐቅም ነው። ለምሳሌ የቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ሃይድሮሊክ የራሱ ጋን ያለውና በደቂቃ ወደ 45 ሊትር የሚሰጥ ስለሆነ መፍለጫን ያለ ችግር ያንቀሳቅሳል። የቆዩና አነስ ያሉ ትራክተሮች ግን ፓምፓቸው የተሠራው ማረሻ ለማንሣት ነው፤ ማረሻ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ስለሚቆይ የዘይቱ ማነስ አይታወቅም። ፒስተኑ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስበት መፍለጫ ሲገጠምበት ግን ጉዱ ይወጣል። የራስን ትራክተር ልክ ለማወቅ መመሪያ መጽሐፉን ማየት፣ መጽሐፉ ከሌለ ደግሞ መካኒክ ጠርቶ በበርሜልና በሰዓት ማስለካት ይቻላል፤ ይህ ሥራ የአንድ ሰዓት እንኳ አይደለም፣ ግን ገዢዎች አያደርጉትም።

ሁለተኛው ነገር ዘይቱ ከማን ጋር እንደሚጋራ ነው። በቆዩት ማሴይ ፈርጉሰኖች የሃይድሮሊኩ ፓምፕ የሚጠጣው የማርሽ ሳጥኑና የኋላ ዲፈረንሻሉ የሚታጠብበትን ያንኑ ዘይት ነው። መፍለጫ ደግሞ በመጋዝ ብናኝ፣ በአቧራና በቅርፊት መካከል የሚሠራ መሣሪያ ነው። የሆዙ ጫፍ መሬት ላይ ወድቆ፣ በጨርቅ ሳይጠረግ ተመልሶ ሲሰካ የገባው አሸዋ ሲሊንደሩን ብቻ ቧጥጦ አይቀርም፤ ወደ ማርሹና ወደ ኩሽኔታው ይደርሳል። አሮጌ መፍለጫ ከሰው ተውሶ መግጠምም እንዲሁ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው የሰውየው ጥቁር ዘይት ወደ እርስዎ ማርሽ ሳጥን ይገባል። የትራክተር ማርሽ ሳጥን ተፈትቶ ሲታደስ የሚጠይቀውን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ይህንን ነጥብ በቀላሉ አያልፈውም።

በዚህ ላይ የመመለሻው መስመር ጉዳይ አለ። ብዙ ትራክተሮች ገልባጭ ተሳቢ ለማንሣት ብቻ የተዘጋጀ አንድ የዘይት መውጫ አላቸው፤ ተሳቢው በክብደቱ ስለሚወርድ ዘይቱ በሄደበት ሆዝ ይመለሳል። የመፍለጫ ሲሊንደር ግን ሲገፋም ሲመለስም በዘይት ኃይል ስለሆነ ሁለት መስመር ይፈልጋል፤ የመመለሻውም መስመር ያለ እንቅፋት ወደ ጋኑ መፍሰስ አለበት። የመመለሻው ሆዝ በደንብ ሳይሰካ ከቀረና ማጋጠሚያው ውስጥ ያለው ኳስ ከዘጋው፣ ግፊቱ መሄጃ አጥቶ የመፍለጫውን ቫልቭ ወይም ጎሚኒውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ላስቲክ) ያፈነዳል። መፍለጫው የራሱ ቫልቭ ካለው ደግሞ የትራክተሩ የዘይት መቆጣጠሪያ እጀታ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ዘይቱ ማንም ባልፈለጠበት ጊዜም ሳያቋርጥ ይዞራል፣ ይሞቃልም።

የራሱ ፓምፕ ያለው መፍለጫ ከእነዚህ ጣጣዎች ሁሉ ነጻ ነው። ዘይቱ ቢቆሽሽ የሚጎዳው ያው መፍለጫው ነው። ትራክተሩ ማሴይ ፈርጉሰን ይሁን ኒው ሆላንድ፣ ጆን ዲር ይሁን ቤላሩስ፣ ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር እስከዞረ ድረስ መፍለጫው ያው ፍጥነቱን ይሰጣል። ለኪራይ ወይም ለማኅበር ለሚገዛ፣ ማለትም ማሽኑ ከአንዱ ትራክተር ወደ ሌላው ለሚዘዋወርበት ሰው፣ ይህ ብቻውን ውሳኔውን ይጨርሰዋል። ዋጋው መወደዱና ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ3 ኩንታል ማለፉ እውነት ነው፤ 50 ፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ላለው ትራክተር ግን ይህ ሸክም አይደለም።

ይሁንና ፒቲኦ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ሲገዛ መጠየቅ ያለበት መፍለጫው ለ540 ነው ወይስ ለ1000 ዙር የሚለው ነው። ለ540 የተሠራው መፍለጫ ብዙውን ጊዜ ከፓምፑ በፊት ዙሩን የሚያበዛ ማርሽ አለው፤ ይህ በስሕተት በ1000 ቢነዳ ፓምፑ ከልኩ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ስለሚዞር ብዙ አይቆይም። ፓምፑ በቀጥታ በፒቲኦው ጫፍ ላይ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ አብሮ እንዳይዞር የሚያስረው ሰንሰለት ወይም ብረት መኖሩን ማየት ይገባል፤ ያ ከሌለ ፓምፑ ራሱ ይዞርና ሆዞቹን ጠቅልሎ ይበጥሳቸዋል።

ለደጋ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ደብረ ብርሃንና በቆጂ ባሉ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ በሚጠጉ ቦታዎች አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ይህ ግን ከታች እንደሚታየው ለመፍለጫ አያሳስብም። የሚያሳስበው የፓምፑ መሳቢያ መስመር ነው። ፓምፕ ዘይቱን የሚያገኘው የአየሩ ግፊት ከጋኑ ሲገፋለት ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስና የጠዋቱ ብርድ ዘይቱን ሲያወፍረው፣ መሳቢያው ሆዝ ቀጭን ወይም ረጅም ከሆነ ፓምፑ ይራባል፣ እንደ ጠጠር መፍጨት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ውስጡም ይበላል። ስለዚህ ጋኑ ከፓምፑ ከፍ ያለበትን፣ መሳቢያውም አጭርና ወፍራም የሆነበትን ማሽን መምረጥ፣ ጠዋትም ትራክተሩን ለጥቂት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር አሙቆ መጀመር ይገባል። ለደጋ ባለ 46 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ይበቃል፤ 68ቱ ለቆላው ሙቀት ይስማማል።

ቶንና ሊትር፦ አጭር ስሌት

የሲሊንደር ጉልበት የሚገኘው የዘይቱ ግፊት በፒስተኑ ስፋት ሲባዛ ነው። ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ175 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት 14 ቶን ያህል ይገፋል። ባለ 12.5 ሴንቲ ሜትሩ በዚያው ግፊት ወደ 22 ቶን ይደርሳል፤ ባለ 8ቱ ደግሞ 9 ቶን ገደማ ነው። ሻጩ የሚጠራው ቶን እውነት መሆኑን ለማጣራት ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ሲሊንደሩ በውጭ 11 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ማሽን «ባለ 30 ቶን» ከተባለ ሻጩ ወይ አልለካም ወይ ያጋንናል።

ፍጥነቱ ግን ተቃራኒውን ይነግረናል። ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ሲሊንደር 60 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 4.7 ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ በደቂቃ 40 ሊትር ቢደርሰው በ7 ሰከንድ ይገፋል፣ በ5 ሰከንድ ይመለሳል። ባለ 12.5ቱ 7.4 ሊትር ይፈልጋል። ይህንን ትልቁን ሲሊንደር በደቂቃ 20 ሊትር ብቻ ከሚሰጥ ትራክተር ጋር ያገናኘ ሰው፣ አንድ ምልልስ ለመጨረስ ወደ 40 ሰከንድ ይጠብቃል ማለት ነው። «ባለ 22 ቶን» የተባለው ማሽን ከ«ባለ 14ቱ» ሦስት ጊዜ የዘገየ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በሥራ ቀን ደግሞ ድካሙ የሚመጣው ከመጠበቁ ነው፤ ሠራተኛው ሲሰለች ፒስተኑ ሳይመለስ እጁን ያስገባል።

ጉልበቱስ? 40 ሊትር በደቂቃ በ175 ባር ለመግፋት፣ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር፣ ከፒቲኦው ወደ 19 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ባለ 60 ፈረሱ ትራክተር በደጋው ከፍታ ወደ 45 ቢወርድ እንኳ ትርፍ አለው። ስለዚህ ለመፍለጫ ሲባል ትልቅ ትራክተር ማሠማራት ናፍጣ ማባከን ነው፤ ማኅበሩ ሁለት ትራክተር ካለው ትንሹን ያሠማራ።

ለባሕር ዛፍ ስንት ቶን ይበቃል ለሚለው የእኔ መልስ 14 ነው፤ ውፍረቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማያልፍና እርጥብ ሳለ የሚፈለጥ ከሆነ። ጉቶና የደረቀ ግንድ ለሚበዛበት ወይም ስለቱ ባለ መስቀል ሆኖ በአንድ ግፊት ለአራት እንዲከፍል ለሚፈልግ ወደ 20 መውጣት ተገቢ ነው፣ ዘይቱ ግን አብሮ መጨመር አለበት። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለአብዛኛው ገዢ ክብደትና ዋጋ ብቻ ነው።

ቁም ወይስ ተጋዳሚ

በተጋዳሚው መፍለጫ ላይ ግንዱ በረጅም ብረት ላይ ይተኛል፤ በቁሙ ላይ ግን ግንዱ መሬት አጠገብ ባለ ሳህን ላይ ይቆምና ስለቱ ከላይ ይወርዳል። ልዩነቱ የሚታወቀው በወገብ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 45 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ከ80 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ይህንን ቀኑን ሙሉ ወገብ ድረስ ማንሣት ሁለት ጠንካራ ወጣቶችንም ያደክማል። በቁሙ ማሽን ጉማጁን ማንከባለልና ማቆም ብቻ ነው። በአንጻሩ እንጨቱ መካከለኛ ሲሆን ተጋዳሚው ይበልጣል፣ ሠራተኛው ሳያጎነብስ ቀጥ ብሎ ይሠራልና። የትራክተሩ የማንሻ ክንዶች ከፍታውን ለማስተካከል ይረዳሉ፤ ሆኖም ሥራ ሲጀመር ማሽኑ በእግሮቹ መሬት ላይ ማረፍ አለበት እንጂ በትራክተሩ ማንሻ ላይ ተንጠልጥሎ መሥራት የለበትም።

በሁለቱም መንገድ የሚገለበጥ ማሽን ከተገኘና ዋጋው ብዙ ካልራቀ ጥሩ ነው። ከመግዛት በፊት ግን መገልበጡ በስንት ብሎንና በስንት ሰው እንደሚሆን ማየት ይገባል፤ አስቸጋሪ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ማንም አይገለብጠውም።

ሲሊንደሩ የሚሄድበት ርዝመት ከገዢው ፍላጎት ጋር ይሂድ። ዳቦ ቤቱ 50 ሴንቲ ሜትር ፍልጥ የሚቀበል ከሆነ የ60 ሴንቲ ሜትር ሲሊንደር ይበቃል። አንድ ሜትር የሚገፋ ማሽን የሚያስፈልገው በሜትር ለሚሸጥ ሰው ነው።

ከውጭ የመጣው ወይስ እዚህ የተበየደው

ከውጭ የሚመጡት መፍለጫዎች ቫልቭና ሲሊንደራቸው ጥሩ፣ መለዋወጫቸው ግን አስቸጋሪ ነው። በሀገር ውስጥ ባሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖች የሚሠሩት ደግሞ ቢሰበሩ የሠራቸው በያጅ እዚያው አለ። ምርጫው ቀላል የሚመስለው ሲሊንደሩ ከየት እንደመጣ እስኪጠየቅ ድረስ ነው።

ወርክሾፖች ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሲሊንደር ይጠቀማሉ። ከኤክስካቫተር ወይም ከሎደር ክንድ የወጣ ሲሊንደር ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ በሁለቱም በኩል በዘይት የሚሠራ፣ ለከፍተኛ ግፊት የተዘጋጀና ጎሚኒው በገበያ የሚገኝ ነው። ከገልባጭ መኪና የወጣው፣ ቱቦ ከቱቦ ውስጥ እየወጣ የሚረዝመው ሲሊንደር ግን ለመፍለጫ አይሆንም። እርሱ ሲገፋ በዘይት ቢሆንም የሚመለሰው የመኪናው ሣጥን ተጭኖት ስለሆነ፣ በመፍለጫ ላይ ከገፋ በኋላ ወጥቶ ይቀራል። አንዳንድ ቦታ በስፕሪንግ ሊመልሱት ሲሞክሩ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ማሽን መተው ነው።

ከዚያ ብረቱ ይታይ። ሲሊንደሩ የሚገፋው ከዋናው ብረት በላይ ባለ መስመር ስለሆነ በእያንዳንዱ ግፊት 14 ቶኑ ብረቱን ያጎብጣል። ዋናው ብረት ወፍራም ባለ ኤች ቅርጽ መሆን አለበት፤ ሁለት ላሜራ ታጥፎ የተበየደ ሣጥን ጥቂት ወራት ሠርቶ ይቆለመማል። የመቆልመሙ ምልክት ቀድሞ የሚታየው በስለቱ ሥር ባለው ብየዳ ላይ ነው፤ ቀለሙ ፀጉር በምታህል መስመር ይሰነጠቃል። አዲስ ማሽን ሲረከቡ ያንን ቦታ በደንብ አይቶ በየሳምንቱ መመልከት ይጠቅማል። ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ መኖሩና በጌጅ መለካቱም የግድ ነው። በያጁ «አያስፈልገውም፣ ፓምፑ ራሱ ይበቃዋል» ካለ ሌላ በያጅ ይፈለግ።

ማያያዣው ከትራክተሩ ጋር ይግጠም። የትራክተር ማያያዣዎች በመጠናቸው በምድብ ይከፈላሉ፤ የምድብ 1 የታችኛው ክንድ ፒን 22 ሚሊ ሜትር፣ የምድብ 2 ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ50 ፈረስ በላይ ያሉት ትራክተሮች ብዙዎቹ በሁለተኛው ምድብ ናቸው። የቀጠነ ፒን በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ እየተንገጫገጨ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ከመክፈል በፊት የራስን እንጨት ጭኖ ሻጩ ዘንድ መሄድ ከሁሉም ይሻላል። የሚወሰደውም ቀጥ ያለውና የሚያምረው ሳይሆን ቅርንጫፍ የወጣበት፣ የተጠማዘዘው ይሁን። በስልክ ሰዓት አንድ ምልልስ ይለካ። ፒስተኑ ግንዱን ይዞ ሲቆም ቫልቩ ፉጨት ያሰማል፤ ያ ድምፅ የማሽኑ ጉልበት እዚያ ማብቃቱን ይናገራል።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች

በፒቲኦ የሚዞር፣ ጥምዝ ሾጣጣ ብረት ግንዱ ውስጥ እየገባ የሚሰነጥቅበት ማሽን አለ። ርካሽና ፈጣን ነው፤ እንዳይገዛ እመክራለሁ። ሾጣጣው የያዘውን አይለቅም፤ ግንዱን ሲያዞረውም፣ የሠራተኛውን እጅጌ ሲይዝም ለማቆም የሚያስችል ጊዜ የለም።

በ220 ቮልት የሚሠሩት ትናንሽ የኤሌክትሪክ መፍለጫዎች ለቤት ጥሩ ናቸው። ባለ 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር በ175 ባር በደቂቃ ከ6 ሊትር ብዙም የማይበልጥ ዘይት ስለሚገፋ ግን ለሽያጭ ሥራ ይዘገያሉ፤ በዚያ ላይ መብራቱ ይጠፋል። የራሳቸው ቤንዚን ሞተር ያላቸው ደግሞ ትራክተር ለሌለው ሰው እንጂ ትራክተር ላለው ሁለተኛ ሞተር መቀለብ ነው።

አሠራሩ

ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ቃጫው ተጠላልፎ ስለሚጠብቅ በእርጥቡ መፍለጥ ይቀላል፤ ነጩም ቀዩም እንዲሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ተቆርጦ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ የተፈለጠ እንጨት ክረምት ሳይገባ ይደርቃል፣ ፍልጡም ከሙሉ ግንድ ፈጥኖ ይደርቃል። ለወራት ተከምሮ የቆየውን ግንድ ስለቱ ሳይሰነጥቀው ወደ ውስጥ ሲጠልቅ ይታያል፤ ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ፣ በመካከላቸው ግን እንደ ገመድ የተዘረጉ ቃጫዎች ይዘዋቸው ይቀራሉ። እዚህ ላይ ገና ግፊት ያለበትን ግንድ በእጅ መለያየት አደገኛ ነው። ፒስተኑን መልሶ ግንዱን አዙሮ ከሌላው ጫፍ መጀመር ወይም ከመሃሉ ሳይሆን ከዳሩ እየላጡ መሄድ ይሠራል። ቅርንጫፍ የወጣበት ጫፍ ወደ ስለቱ ሳይሆን ወደ ገፊው ይዙር፤ ቀላሉ ጫፍ ቀድሞ ሲከፈት ስንጥቁ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

የግንዱ ሁለት ጫፎች ቀጥ ብለው መቆረጥ አለባቸው። በሰያፍ የተቆረጠ ጉማጅ ሲገፋ ይንሸራተትና ወደ ጎን ይፈናጠራል።

ከማሽኑ አደጋዎች ብዙዎቹ የሚደርሱት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ ነው፤ አንዱ ግንዱን ይይዛል፣ ሌላው ማንሻውን (የመፍለጫውን መቆጣጠሪያ እጀታ) ይገፋል። መሆን ያለበት ግንዱን የሚያስቀምጠው ሰው ራሱ ማንሻውን እንዲይዝ፣ ረዳቱ ደግሞ ግንድ እያቀረበና ፍልጥ እያነሣ ከማሽኑ ራቅ እንዲል ነው። የአውሮፓው ኢኤን 609 ደረጃ ማሽኑ የሚሠራው ሁለቱም እጆች በማንሻ ላይ ሲሆኑ ብቻ እንዲሆን የሚያዘው ለዚህ ነው። ከሁለቱ ማንሻዎች አንዱን በላስቲክ አስሮ በአንድ እጅ መሥራት በየቦታው የሚታይ ብልሃት ነው፤ አሠሪ የሆነ ሰው እንዲህ ታስሮ ካገኘ ሥራውን ያስቁም።

ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዞረ ማለት በሰከንድ 9 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። የነጠላ ወይም የጋቢ ጫፍ ቢነካው ሰውየው «ኧረ» ሳይል ይጠቀለላል። በብርድ ጠዋት ጋቢ ለብሶ ማሽን አጠገብ መቆም ልማድ ስለሆነ ይህን በግልጽ መናገርና መከልከል ያስፈልጋል። ፒቲኦውን ከመፍለጫው የሚያገናኘው ዘንግ የፕላስቲክ ሽፋኑ ከተሰበረ ሳይተካ አይሠራ። ዘንጉ ራሱ በልክ ይቆረጥ፤ ረጅም ከሆነ ማሽኑ ለጉዞ ሲነሣ ጫፍ ለጫፍ ተጋጭቶ ፓምፑን ይገፋል፣ አጭር ከሆነ ደግሞ ተመዝዞ ይወጣል።

ሆዝ ላይ የዘይት ጭጋግ ከታየ በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ የ175 ባር ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ነጥብ ብቻ ይመስላል፣ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ካልደረሰ እጅ እስከማጣት ያደርሳል። ቀዳዳውን ለመፈለግ ካርቶን ይያዝ፤ ካርቶኑ ላይ እድፉ ይታያል። ከመፍታት በፊት ሞተሩን አጥፍቶ ማንሻውን ወዲህና ወዲያ በማድረግ ግፊቱን ማስተንፈስ ግዴታ ነው።

እንክብካቤና ወጪ

የናፍጣ ወጪውን በግምት ከማስላት መለካት ይሻላል፤ ታንኩን ሞልቶ አንድ ቀን መሥራትና ማታ እስከነበረበት ለመሙላት የገባውን ሊትር በዕለቱ ለወጣው ፍልጥ ማካፈል ነው። ዙሩን እየቀነሱ መሞከርም ይጠቅማል። ሁለቱ ሠራተኞች ግንድ አቀራርበው ካልደረሱ፣ ፒቲኦውን ከ540 ወደ 400 አካባቢ ማውረድ ፍጥነቱን በሩብ ያህል ቢቀንስም ግፊቱን አይቀንስም፤ ናፍጣው ግን ይቀንሳል።

የአዲስ ማሽን የመጀመሪያ ፊልትሮ ገና 50 ሰዓት ሳይሞላ ይቀየር፣ የሲሊንደሩና የጋኑ ብየዳ ያስቀረው ብረት ብናኝ በዚያ ጊዜ ይወጣልና። ጋኑ ቢያንስ ፓምፑ በደቂቃ የሚገፋውን ያህል ይያዝ፤ ባለ 40 ሊትር ፓምፕ ከባለ 15 ሊትር ጋን ጋር ከተጋባ ዘይቱ ከቀትር በፊት ይግላል። እጅ የማያስነካ ጋን ካለ ማረፍ ነው፤ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለፈ ዘይት ጎሚኒዎቹን ያደርቃቸዋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፣ ይፈሰስና ይተካ።

ክረምት ሲገባ ማሽኑ ከዝናብ በታች እንዳይቀር፣ ቦታ ከጠፋም ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቁም። ወጥቶ ያደረ የፒስተን ዘንግ ላዩ ይዝጋል፤ በመስከረም መጀመሪያ ሲመለስ ያ ዝገት የሲሊንደሩን አፍ ጎሚኒ ይቆርጠዋል። ጥቂት ግራሶ ቀብቶ የሆዞቹን ጫፎች በክዳን መዝጋት፣ ክዳን ከሌለ በንጹሕ ፕላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር ይበቃል።